በእኔ አፍ ይነገር

ጎረቤላ፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጅ ኪዳነወልድ፣ ዴንቨር ከተማ

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስህ፤ ጉልበትህ አይድከም፣ እጅህ ሥራ አይጣ። ፊደል ያልቆጠርኩ ሰው መሆኔን ታውቃለህ። ይህን የምትጽፍልኝ ይመኙሻል ናት፤ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት። በእጇ ትጽፈዋለች፣ በስልኳ ፎቶ ታነሳዋለች፣ ኔትወርክ ሲመጣ ትልክልሃለች። ለምን አልደወለም እንዳትል። ጆሮዬ ከብዷል፤ ደግሞ በስልክ ድምፄ ያሳብቅብኛል።

እህቴ አሰገደች ኅዳር 3 ማክሰኞ ጠዋት አረፈች። ሚካኤል ቀበርናት። አርባዋ ታኅሣሥ 12 ይውላል።

አሁን የምለውን አስተውለህ ስማ። ልጇ ዘርአ ዳዊት አንተ ያለህበት ከተማ ነው። እንዳትነግረው።

በዚህ አገር አርባ ዓመት ሙሉ መርዶ ነጋሪ እኔ መሆኔን ከአባትህ ሰምተሃል። ሰው ሞቶበት ያልሰማ ሲኖር «ባዩን ጥሩት» ይባላል። ጎህ ሲቀድ ሁለት ሽማግሌ አስከትዬ እሄዳለሁ፤ ሰውየውን አስቀምጬ፣ እጁን ይዤ እነግረዋለሁ። ከእጄ ወድቆ ራሱን የፈነከተ አንድም ሰው የለም። ጣርማ በር በበቅሎ ሄጄ ነግሬያለሁ። ደብረ ብርሃን ፋብሪካ በር ላይ ሠራተኛው እስኪገባ ቆሜ ጠብቄ ነግሬያለሁ። አልዩ አምባ ወርጄ ለነጋዴው ለሸሪፍ የወንድሙን ሞት የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ሼሆቻቸው እያሉ እኔን ነው የላኩት። በስልክ የነገርኩት ግን የለም። በስልክ የሚነገር መርዶ ሰው ላይ ድንጋይ ከመወርወር አይለይም።

አሰገደች ከማረፏ ሦስት ቀን በፊት እጄን ይዛ፣ «ባዩ፣ ለልጄ አንተው ንገርልኝ፤ ከሰው አፍ እንዳይሰማ» አለችኝ። እሺ አልኳት። በሚካኤል ስም ምዬላታለሁ። ስለዚህ ልጁ አገሩ ይምጣ፣ ከእኔ አፍ ይስማ። አንተ አፍህን ዝጋ። ቤተ ክርስቲያን ስታገኘውም ፊትህን አታጨፍግግበት፤ ከፊት ያነበዋል።

ባዩ፣ የአሰገደች ወንድም

(ኔትወርክ ጠፍቶ እስከ ኅዳር 15 ሳይላክ ቆይቷል። ይመኙሻል።)


ዴንቨር፣ ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ባዩ፣

እግዚአብሔር ያጽናዎ፤ የእትዬ አሰገደችን ነፍስ በደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዛሬ ነው። ቃልዎን አከብራለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ስለዚህ ነገር ከእኔ አፍ አንዲት ቃል አትወጣም። ሌላም ልነግርዎ የሚገባኝ ነገር ነበር፤ እሱም እንግዲህ ይቆይ።

አክባሪዎ ኪዳነወልድ


ጎረቤላ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለዘርአ ዳዊት፣

ያሳደገህ ተራራ አይርሳህ፤ የሄድክበት አገር ብርዱም ሰዉም ይራራልህ። ደብዳቤ ላይ «እኛ ሁላችን ደህና ነን» ይባላል። ይመኙሻል ልትጽፈው ስትል ከለከልኳት። እኔ የጅምላ ወሬ አልወድም፤ አንድ በአንድ ልንገርህ። ሁለቱ በሬዎች ደህና ናቸው። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል። ባቄላውን ግማሹን ውርጭ መታው። እኔን ጉልበቴን ያመኛል። ይኸው ነው።

የማስጽፍልህ ለአንድ ጉዳይ ነው፤ ና። ከሄድክ ሰባት ዓመት ሆነህ። አንድ ዓመት ትምህርት አልክ፣ አንድ ዓመት ሥራ አልክ፣ አንድ ዓመት በሽታ መጣ አልክ። አሁን ና። ታኅሣሥ ከመጋመሱ በፊት ብትደርስ መልካም ነው። ለምን እንዳትለኝ፤ አጎትህ ና ሲልህ ለምን አይባልም።

ጫማ አትላክ። ጃኬት አትላክ። መድኃኒትም አትላክ፤ መድኃኒት የሚወስድ ሰው እዚህ የለም። ራስህን ላክ።

አጎትህ ባዩ


ዴንቨር፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ ለጋሼ፣

ጉልበትዎን ስሜ፣ ያመመዎትንም ቦታ አሽቼ ሰላም እልዎታለሁ። ባቄላው ስለተመታ አዘንኩ። በበሬዎቹ ደህንነት ደስ ብሎኛል።

ጋሼ፣ ና ብለውኛል፤ አልቀርም። ግን የመኖሪያ ወረቀቴ እየታየ ነው። እሱ እጄ ሳይገባ ከአገር ብወጣ ተመልሼ መግባት አልችልም። ጠበቃዋ እስከ የካቲት ይደርሳል ትላለች። እስከዚያ እንዲታገሡኝ እለምንዎታለሁ።

እስከዚያ ግን እዚህ ቁጭ ብዬ አልተክዝም፤ አይጨነቁብኝ። አብሮኝ አውቶቡስ የሚነዳ ራስል የሚባል ሰው አለ። ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ በረዶ ላይ መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው። ቫዮሊን ይጫወታል። ለፈረንጅ ገና ዕረፍት ስንወጣ ወደ ተራራ ይዞኝ ይሄዳል። እዚያ በየክረምቱ አሜሪካና የሚሉትን ሙዚቃ የሚጫወቱ ሰዎች ይሰባሰባሉ፤ የገበሬ፣ የባቡር ሠራተኛ፣ የከብት ነጂ ዘፈን ነው። በቴፕ ሳይሆን ፊት ለፊት፣ በሰው እጅና በሰው ጉሮሮ። በጣም ጓጉቻለሁ፤ ደስ ብሎኛል።

የቤቱን ሰው ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ ዘርአ ዳዊት


ጎረቤላ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዘርአ ዳዊት፣

ልቡና ይስጥህ፤ ሌላውን ምርቃት ለሌላ ጊዜ አቆይቼዋለሁ። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አስነበብኩት፣ ይመኙሻል ተሳስታ እንደሆነ ብዬ። አልተሳሳተችም።

ወረቀት አልክ። ይሁን። ወረቀት ሰው ማስጠበቁ እዚያም አልቀረም ማለት ነው። ዕረፍት ያልከው ግን ጭራሽ አልገባኝም። ብርድ ካለበት ከተማ ተነስተህ የባሰ ብርድ ወዳለበት ተራራ ልትሄድ ነው፤ ለዚያውም ከፍለህ! ልጄ፣ ብርድ ካማረህ ጣርማ በር አለልህ። ነጻ ነው። ዋሻው አፍ ላይ ቆመህ እስኪበቃህ ትንቀጠቀጣለህ፤ ትኬት የሚቆርጥብህ የለም። ክረምት ሲመጣ ሰው በጉን ያስገባል፣ በሩን ይዘጋል፣ እሳቱ ጋ ይቀመጣል። ክረምትን ፍለጋ የሚወጣ ሰው በሰባ ስምንት ዓመቴ አንተን አየሁ።

ራስል የምትለውም ሰውዬ በስልሳ ስምንት ዓመቱ ልጅ ይዞ ለዘፈን ተራራ መውጣቱ ያስገርመኛል። ቤት የለውም? በግ የለውም? የሚጠይቀው የታመመ ዘመድ የለውም?

ስማኝ። ዘንድሮ ዘፈን ቦታ አትሂድ። ለምን ካልክ ጾም ነው። የነቢያት ጾም መሆኑን ረስተህ እንደሆነ ይኸው አስታወስኩህ። ይመኙሻል «ጋሼ፣ እሱ እኮ ድሮም በጾም ሬዲዮ ይሰማ ነበር» አለችኝ። ዝም ብለሽ ጻፊ አልኳት። ሬዲዮና ፊት ለፊት ይለያያል።

በሬዎቹ ደህና ናቸው። ውቂያ ጀምረናል።

አጎትህ ባዩ


ከተራራው፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ ለጋሼ፣

ጤናዎ እንዲበረታ፣ ውቂያውም ያለ ንፋስ እጦት እንዲያልቅልዎ እመኛለሁ። ተቆጥተውኛል፤ ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ግን መኪና ውስጥ ነበርኩ፤ ራስልን ተመለስ ማለት አልቻልኩም።

ስለ ብርዱ እውነትዎን ነው። በረዶው አጥር ያህላል። ግን ቦታውን ልንገርዎ። አዳራሹ ድሮ የእሳት አደጋ መኪና ማቆሚያ ነበር። አሁን የእንጨት አግዳሚ ደርድረውበታል፤ ቢበዛ መቶ ሃያ ሰው ይይዛል። መድረኩ ከወለሉ አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው፤ ፊት የተቀመጠ ሰው እግሩን ቢዘረጋ የዘፋኙን ጫማ ይነካል። ሰዉ ሲገባ በረዶውን ከጫማው ያራግፋል፣ ካፖርቱን ግድግዳው ላይ ይሰቅላል፣ ከዚያ ጠጋ ጠጋ ብሎ ይቀመጣል። መጀመሪያ የሚሸተው እርጥብ ሱፍ ነው፤ የዝናብ ቀን የቤታችን ሽታ።

ማይክራፎኑ አንድ ብቻ ነው። አምስቱም ተጫዋቾች በዙሪያው ይቆማሉ። ተራው የደረሰ ጠጋ ይላል፤ ሲጨርስ ትከሻውን አዙሮ ለሌላው ይለቃል። ራስል በቫዮሊኑ ሲገባ ባንጆ የያዘችው ሴት ወደ ኋላ ትላለች። ባንጆ ማለት ፊቱ ከበሮ የሚመስል፣ አምስት ክር ያለው መሣሪያ ነው፤ ድምፁ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው። ሲፈጥን ሰዉ ሁሉ በእግሩ ወለሉን ይመታል፤ አዳራሹ ይንቀጠቀጣል።

ዘፋኟ ፀጉሯ የሸበተ ናት። ከመዝፈኗ በፊት ነገሩ ከየት እንደመጣ ትናገራለች፤ ይህ አባቴ እርሻውን የሸጠ ቀን ነው፣ ይህ ባቡሩ መንደራችንን የተወ ዓመት ነው እያለች። አንዱ ዘፈን ስለ ጭነት መኪና ነጂ ነው። እናቱ ትጠብቀዋለች፤ በረዶ ተራራው ላይ መንገዱን ዘጋበት፤ ሦስት ቀን ቆይቶ ደረሰ። ሲደርስ ምን እንዳገኘ ዘፈኑ አይናገርም።

ታኅሣሥ 12 ማታ ያስቀረጽኩትን ቪዲዮ አብሬ ልኬያለሁ። ደስ ብሎኝ እንደሆነ ከእሱ ያያሉ።

ልጅዎ ዘርአ ዳዊት


ጎረቤላ፣ ጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዘርአ ዳዊት፣

እግዚአብሔር ትዕግሥት ይስጠኝ፤ ለአንተ የምለምነውን ዘንድሮ ለራሴ እለምናለሁ።

ቪዲዮህ ደረሰ። የደረሰው ኔትወርክ በመጣበት በገበያ ቀን ነው፤ ይመኙሻል ቤት አሥራ አምስት ሰው መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርግ ተሰልፎ ሳለ። እኔ «ቆይ» ሳልል ከፈተችው። ዘፈኑ አልቆ ጭብጨባ ነው። ዘርአ ዳዊት መሐል ቆሞ ያጨበጭባል! የጎረቤታችን የገብረአብ ሚስት «ውይ በሞትኩት፣ ምስኪን!» ብላ በነጠላዋ አፏን ያዘች። በምን እንደሆነ ስትመጣ ትጠይቃታለህ። እኔ ዱላዬን ይዤ ወጣሁ።

ታኅሣሥ 12! ከዓመቱ ቀን ሁሉ መርጠህ! በዚያ ቀን እኔ ምን እየሠራሁ እንደዋልኩ፣ ስንት ሰው እንደተቀበልኩ፣ ምን እንደለበስኩ ስትመጣ ትሰማለህ። አሁን አልናገርም። አርባ ዓመት ሙሉ የመጣልኝን ሳልናገር ውዬ አላውቅም፤ አንተና ዘፈንህ ግን እንደ ሌባ ቃሌን እንድደብቅ አደረጋችሁኝ።

ደግሞ የነጂውን እናት ነገር በጻፍክልኝ ዘፈን ተናድጃለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ምን ያሰማሃል? ሌላ ዘፈን የላቸውም? ስለ ባቡሩ ስማ!

ነጠላህንስ ማን አለበሰህ? ካፖርትህ ላይ ደርበህ ጥለቱ አንገትህ ላይ ወጥቷል። ሰባት ዓመት ቢሆን ነጠላ አለባበስ ይረሳል? ፈረንጅ ባያውቅ አንተ ታውቅ የለም?

ይህም ይቅር። የከነከነኝ ሌላ ነው። ሁለት ደብዳቤ ጻፍክ። በበሬዎቹ ጤና ተደሰትክ፣ ባቄላውን አዘንክለት፣ ውቂያውን መረቅክ። እናትህን በስሟ አልጠየቅክም። ማን ወልዶህ ነው ለባቄላ የምታዝነው? ምን ዓይነት ልጅ ነህ?

ጾሙ ወጥቷል፤ ምክንያት የለኝም። በቃ ያለ ምክንያት አትሂድ ብዬሃለሁ።

ባዩ


ዴንቨር፣ ጥር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ ለጋሼ፣

ሰላምታዬ ከነጥፋቴ ይድረስዎ። ቁጣዎ ልክ ነው፤ አልከራከርም።

ከተራራው ተመልሰናል። ዕረፍቱ አልቆ ሥራ ገብቻለሁ። እነ ራስል ግን በየቅዳሜው ከተማው ውስጥ ይጫወታሉ፤ ሄጄ ፊት እቀመጣለሁ። ውሸት እንዳልነግርዎ ነው የማልደብቅዎ።

እናትህን አልጠየቅክም ብለውኛል። እንግዲህ ልጠይቅ።

እማዬ እንዴት ናት?

ልጅዎ ዘርአ ዳዊት


ጎረቤላ፣ ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዘርአ ዳዊት፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። የጠየቅከውን ሰምቻለሁ። በጥያቄህ ልክ መመለስ ይገባኝ ነበር።

በሬዎቹ ደህና ናቸው።

ባዩ

(ዘርአ ዳዊት፣ ከላይ የተሰረዙት ሦስት መስመሮች የእኔ ስህተት አይደሉም። ጋሽ ባዩ አስጽፈው አሰረዙኝ። በሌላ ወረቀት በንጹህ ልገልብጠው ብላቸው «እንዲሁ ላኪው፣ ሰልችቶኛል» ብለው ወጡ። ይመኙሻል።)


ዴንቨር፣ ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ ለጋሼ፣

እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እንደምለምን ይቁጠሩልኝና ይህን ተቀምጠው ያስነብቡ። ይመኙሻል፣ ሰው ካለ አስወጪልን።

የተሰረዙትን ሦስት መስመሮች አንብቤያቸዋለሁ። መጀመሪያ «እናትህ ጸበል ሄዳለች» ብለዋል። ቀጥሎ «ትንሽ አሟት ተኝታለች»። ሦስተኛው «እናትህ ደህና ናት» ነው፤ እሱ ሲሰረዝ ወረቀቱ ተቀዷል። ጋሼ፣ ለእኔ ብለው ውሸት ሊናገሩ ሲታገሉ ከማይ አሁን ብናገር ይሻላል።

አውቃለሁ። ከኅዳር 6 ጀምሮ አውቃለሁ።

ኪዳነወልድን አይቆጡት። ከደብረ ብርሃን ሰው ደውሎ ነግሮት፣ ደንቡን ጠብቆ ሁለት ሽማግሌ ይዞ ጎህ ሲቀድ በሬን አንኳኳ። አስቀምጠው፣ እጄን ይዘው ነገሩኝ። የእርስዎ ደብዳቤ የደረሰው ከዚያ በኋላ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ይዞልኝ መጣ፤ አብረን አነበብነው። «ለልጄ አንተው ንገርልኝ» ያለችው ጋ ስንደርስ ማንበቡን አቆምን። የእማዬ የመጨረሻ ቃል ነው። እርስዎ ደግሞ በሚካኤል ምለዋል። ሰምቻለሁ ብል ቃሏንም መሐላዎንም ያፈረስኩት እኔ ልሆን ነው። ስለዚህ እስክመጣ ያልሰማ ሰው ልሆን ወሰንኩ።

ያልሰማ ሰው ምን ይጽፋል? ደስታ ይጽፋል። ራስል እናቱ የሞተችበት አምና ነው፤ በአገራችን በአርባኛው ቀን ሰው ይሰበሰባል ብዬ ነግሬው ነበር። «እኔ የማውቀው የሚሰበሰብ ሰው ተራራው ላይ ነው» ብሎ ታኅሣሥ 12 ወሰደኝ። ሙዚቃው ሁሉ እንደጻፍኩልዎ ነው፤ አልዋሸሁም፤ ደስም ብሎኛል። ዘፋኟ የመኪና ነጂውን ስትዘፍን ግን አለቀስኩ። ጎኔ የተቀመጡት አሮጊት ምን ሆንክ አላሉኝም፤ እሳቸውም ያለቅሱ ነበር። እዚያ በዘፈን መሐል ማንም ቢያለቅስ ማንም አይጠይቅም። በየቅዳሜው የምሄደው ለዚህ ነው። ሌላ የማለቅስበት ቦታ አልነበረኝም፤ የሐበሻ ቤት ባለቅስ ወሬው ጎረቤላ ይደርሳል።

ቪዲዮውን ከመሐሉ ቆርጬ ነው የላክሁት፤ ጭብጨባውን ብቻ። ነጠላውን ገልብጬ የለበስኩት አውቄ ነው። ቆርጬ ስልከው እሱን ረሳሁት። ሲጽፉልኝ ተያዝኩ ብዬ ደነገጥኩ፤ እርስዎ ግን የረሳሁ መሰለዎ።

ሲደርስ ምን እንዳገኘ ዘፈኑ አይናገርም ብዬዎት ነበር። ይናገራል።

ወረቀቱ ደርሷል። ሚያዝያ 21 ደብረ ብርሃን እገባለሁ። ለግማሽ ዓመቷ እደርሳለሁ።

ዛሬ ሰማንያዋ ነው።

ልጅዎ ዘርአ ዳዊት


ጎረቤላ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዘርአ ዳዊት፣

የእናትህ ነፍስ ትይህ፤ መንገድህን ትቅደምልህ። ደብዳቤህ ጥር 25 ተነቦልኛል። ወር ያህል ዝም ያልኩት ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም። ተናድጄ ነው።

መጀመሪያ በኪዳነወልድ ተናደድኩ። «ከእኔ አፍ አንዲት ቃል አትወጣም» ያለኝ ሰውዬ፣ ለካ ወጥታ አልቃ ኖሯል! ከዚያ በይመኙሻል ተናደድኩ። ነጠላውን ያን ዕለት አይታ አውቃ ነበር። «ለምን አልነገርሽኝም?» ብላት «ጋሼ፣ መርዶ ነጋሪው እርስዎ ነዎት፤ እኔ ፎቶ ኮፒ ነኝ» አለችኝ። ይህንንም እየሳቀች ጻፈችው።

ከሁሉ በላይ ግን በራሴ ነው። ሰው በሩን እንዴት እንደከፈተ አይቼ መስማት አለመስማቱን የማውቅ ሰው ነኝ። ሐዘን አንገትህ ላይ ተገልብጦ እያየሁት አለባበስ ረሳህ አልኩህ። በእኔ እጅ ያለ መርዶ በሌላ ሰው እጅም ሊኖር ይችላል ብዬ አላሰብኩም። ትዕቢት ነው። አንዴ ብቻ ነው የምለው፤ ሁለተኛ አታናግረኝ።

ኪዳነወልድ ደንቡን ጠብቋል ብለሃል። እጅህን የያዘህ በየትኛው ነው? በቀኙ ነው? ሽማግሌዎቹ ከኋላህ ነበሩ ወይስ ከፊትህ? ከፊት ከነበሩ ተሳስተዋል።

አሁን የምነግርህን አትከራከረኝ። እኔ ለአሰገደች የማልኩት «ልጅሽ በእኔ አፍ ይሰማል» ብዬ ነው። ሌላ ሰው ቀድሞ ቢነግርህ መሐላዬ ከእኔ አልወረደም። ሚያዝያ 21 ደብረ ብርሃን ስትገባ ወደዚህ አትምጣ። እዚያው አልጋ ይዘህ እደር፤ የትኛው ሆቴል መሆኑን ለይመኙሻል ላክላት። ጎህ ሲቀድ እመጣለሁ። ገብረአብ ከኋላዬ ነው። ሁለተኛው ሸሪፍ ነው፤ ከአልዩ አምባ ተነስቶ ይመጣል። በዕድሜው ከእኔ አይሻልም፤ አትድከም ብለው «ያን ቀን እጄን ይዘኸኝ ነበር፤ እመጣለሁ» ብሎኛል።

በሩን አንኳኳለሁ። እንዳልሰማህ ሆነህ ክፈት። «ምነው ጋሼ፣ በዚህ ጠዋት?» በለኝ። እኔ ግባና ተቀመጥ እልሃለሁ። ትቀመጣለህ። ያኔ እነግርሃለሁ፤ መቼ እንዳረፈች፣ ምን እንዳለች፣ ምን ለብሳ እንደተቀበረች፣ ኪዳነወልድ የማያውቀውን ሁሉ። እንደፈለግክ ጩኽ። አትወድቅም፤ እይዝሃለሁ።

ይህን የማደርገው ለአንተ ብቻ እንዳይመስልህ። መርዶ ነጋሪ ሳይናገር አያለቅስም። ቀድሞ ካለቀሰ በፊቱ ይታወቅበታል፣ ድምፁም ይሰበራል። አሰገደች ከሄደች ጀምሮ አንተን እየጠበቅኩ ነው። በቀብሯም፣ በአርባዋም፣ በሰማንያዋም ቆሜ ሰው አስተናግጄ ገባሁ። አንተ እዚያ አዳራሽህ ውስጥ አልቅሰሃል፤ እኔ ግን አዳራሽ የለኝም።

ስትመጣ ያን የቆረጥከውን ዘፈን ሙሉውን ይዘህ ና። ወሬው ካለቀ በኋላ ታሰማኛለህ፤ ጆሮዬ ቢከብድም ጠጋ ብዬ እሰማዋለሁ። ነጂው ሲደርስ ማን እንደነገረው ማወቅ እፈልጋለሁ። ማንም ካልነገረው ዘፈኑ ጎደሎ ነው፤ ለራስል ንገረው።

አንድ ነገር እንዳትረሳ። በሩን ስትከፍትልኝ ነጠላህን አስተካክለህ ልበስ፤ ጥለቱ ወደ ታች ይሁን። የሚገለበጠው እኔ ከነገርኩህ በኋላ ነው።

አጎትህ ባዩ